የሰው ፊት እንዳያዩ፦ ለባሕር ዳር ሰው የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለባሕር ዳር ከተማ ነዋሪዎች በሙሉ፤
ግልባጩ ከሩቅ ታማሚ ይዘው የሚመጡ ሰዎች ጉዳይ ለሚመለከተው የከተማችን መሥሪያ ቤት ሁሉ።

ጤና ይስጥልኝ። እንደምን ሰነበታችሁ?

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ የማታ ወሬ ነው። እኛ አምስት ጓደኛሞች ነን። ከሥራ ስንወጣ ጣና ዳር፣ አንዲት እህት ቡና ከምታፈላበት ቦታ እንገናኛለን። በዕድሜ ስለምትበልጠን «እትዬ» ነው የምንላት። ጀበናዋን ከሰል ላይ ጥዳ፣ ፈንዲሻውን በሰፌድ አቅርባ፣ በርጩማዎቹን ከዛፉ ሥር ደርድራ ትጠብቀናለች። ፀሐይ በዘጌ በኩል ስትገባ ውኃው ይቀላል፣ ነፋሱ ይነሣል፣ ያኔ ወሬ ይጣፍጣል። የምናወራው ሁሉም ሰው የሚያወራውን ነው፤ የቤት ኪራይ፣ የዘይት ዋጋ፣ ኳስ፣ እነ እገሌ ተጋቡ፣ እነ እገሌ ተኳረፉ፣ እምቦጩ ዘንድሮ እንዴት ነው፣ ቆሮሶ ዛሬ ስንት ገባ። ብዙ ጊዜ ስንለያይ ምን ስናወራ እንዳመሸን አናስታውስም። ግን አንድ ሰው ከቀረ ሳይደወልለት አይታደርም።

ባለፈው ሳምንት አንድ ወሬ ተነሣ። እስካሁን አልተቋጨም። ለእናንተም ላካፍለው ብዬ ነው የምጽፈው።

ባንክ የምትሠራው ጓደኛችን ስልኳን ስትነካካ፣ ኮሜዲያን እሸቱ መለሰ በዶንኪ ቲዩብ ለመቄዶንያ ገንዘብ ሲያሰባስብ የሚያሳይ ቁራጭ ቪዲዮ አገኘች። ድምፁን ከፍ አደረገችው። ሁላችንም አንገታችንን አስግገን ወደ ስልኳ ዞርን። በ2017 ዓ.ም. የሆነውን መቼም አትረሱትም። ያን ሰሞን ባጃጅ ውስጥ ብትገቡ እሱ ነው፣ ፀጉር ቤት ብትቀመጡ እሱ ነው፣ ምሳ ቤት ብትገቡም ወሬው እሱ ነው። ቀን የለ ሌሊት የለ በቀጥታ ሥርጭት ይለምናል። ከዓረብ አገር ይደወላል፣ ከአሜሪካ ይደወላል፣ ከገጠር ይደወላል። አንዱ መቶ ሺህ ሲል አንዱ ሃምሳ ብር ይላል። በመጨረሻ የተሰበሰበው በመቶ ሚሊዮኖች ተቆጠረ።

መቄዶንያን የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። ጎዳና ላይ የወደቁ አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን አንሥቶ፣ አጥቦ፣ አልብሶ የሚያኖር ማዕከል ነው። ቢንያም በለጠ በቤተሰቡ ቤት ጥቂት ሰዎችን ይዞ ጀመረው፣ ዛሬ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ይኖሩበታል። «ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው» የሚለውን ቃላቸውን ልጅ ሳይቀር ያውቀዋል። የእሸቱ ልመናም ለጀመሩት ሕንፃ ማስጨረሻ ነበር።

«ይሄ ልጅ ግን እንዴት ያለ ልብ ነው የተሰጠው!» አለች ጓደኛችን። እውነቷን ነው። እኔም የማደንቀው ሰው ነው። ልጆችን እንደ ትልቅ ሰው አስቀምጦ ሲያዋራቸው፣ ሳያቋርጣቸው ሲያዳምጣቸው አይቼ ገና ድሮ ነው የወደድኩት።

ኢንጂነር ግን ራሱን ነቀነቀ። ኢንጂነር የምንለው ሕንፃ የሚያሠራውን ጓደኛችንን ነው፣ ልቡ ንጹሕ ነው፣ ያላመነበትን ነገር ግን አይተውም። «እኔ ልጁን አልጠላውም» አለ፣ «ግን መጽሐፉ ምን ይላል? ቀኝህ የምትሰጠውን ግራህ አትወቀው ነው የሚለው። ካሜራ ፊት፣ ያ ሁሉ ሕዝብ እያየ፣ ስም እየተጠራ የሚሰጥ ነገር ምጽዋት ነው ወይ?»

እዚህ ላይ ወሬው ጦፈ። ባንክ የምትሠራዋ ተቆጣች። «ታዲያ በስውር ስንሰጥ የት ደረስን? ሰዎቹኮ ጎዳና ላይ ነው ያሉት!» አለችው። እሱም መለሰ፣ እሷም መለሰች። እትዬ ሁለተኛውን ቡና እየቀዳች በመሐላቸው ዝም ብላ ታልፋለች።

ያኔ መሪጌታ ተናገረ። መሪጌታ የምንለው ዛሬ የጽሕፈት መሣሪያ የሚሸጠው ጓደኛችን ነው፤ ልጅነቱን ያሳለፈው ጎጃም ውስጥ ቅኔ ቤት ነው። ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ ለምኖ የተማረ ሰው ነው። የተናገረውን እንደሰማሁት ልጻፈው።

«የመጀመሪያ ቀን ለልመና ስወጣ ድምፄ አልወጣ አለኝ» አለ። «በር ላይ ቆምኩ። ውሻው መጣ። በእንተ ስማ ለማርያም ለማለት አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ቤት ያሉት ሰዎች ክፉ ሆነው አይደለም፣ አልሰሙኝም። ባዶ አኮፋዳ ይዤ ተመለስኩ። የኔታ አዩኝና ምን አሉኝ መሰላችሁ፤ ልጄ፣ አንተ የምትለምነው በራስህ ስም አይደለም፣ በእመቤታችን ስም ነው፣ ታዲያ ምን ያሳፍርሃል አሉኝ። በማግስቱ መንደሩ እስኪሰማኝ ጮህኩ።»

ትንሽ ዝም አለና ወደ ኢንጂነር ዞረ። «ወንድሜ፣ ያ ቃል የተነገረው ለሚሰጥ ሰው ነው። የሚሰጥ ሰው ድምፁን ይቀንስ። ስለ ሌላ ሰው የሚለምን ግን ድምፁን ካልከፈተ ማን ይሰማዋል?»

ኢንጂነር አልመለሰም። ሲኒውን አንሥቶ ጠጣ።

እኔ ያን ቀን ማታ ቤቴ ገብቼ እንቅልፍ አልወሰደኝም። የመሪጌታን ነገር ሳሰላስል አደርኩ። እኛ አገር «የሰው ፊት ማየት» የሚባል ነገር አለ። ልጁ ታሞበት ብድር ፍለጋ የሰው ቢሮ በር ላይ የቆመ ሰው ያውቀዋል። ኪራይ አጥሮት አከራዩን ቀን ስጡኝ ብሎ የለመነ ያውቀዋል። እጅህን ከመዘርጋትህ በፊት የሰውየው ፊት ይለወጣል፣ ገና ምንም ሳትል «ዛሬ ደግሞ ምን ልትል ነው» ይልሃል። የሰው ፊት ይገርፋል የሚባለው ለዚህ ነው።

አሁን ኮሜዲያንን አስቡት። ኮሜዲያን ማለት ሰው ገና ሲያየው ፊቱ የሚፈካለት ሰው ማለት ነው። ሀብቱ እሱ ነው፣ ሌላ ሱቅ የለውም። ያንን ሀብት ለማግኘት ስንት ዓመት መድረክ ላይ መቆም እንደሚያስፈልግ አስቡት። ታዲያ እሸቱ ያደረገው ምንድን ነው? ሰው ሲያየው የሚፈካለትን ያንን ፊቱን ይዞ፣ ሰው ፊቱን የሚያዞርበት ነገር ላይ ቆመ። ልመና ላይ። «ዛሬም ሊለምን ነው» ተብሎ መታለፍን ለራሱ ወሰደው፣ እነዚያ ሽማግሌዎችና ሕሙማን የሰው ፊት እንዳያዩ። ብሩን የሰጠው ሕዝብ ነው፣ እግዜር ይስጠው። እሱ የሰጠው ግን ፊቱን ነው። እኔ ቸርነት ያልኩት ይህን ነው፣ ስለ ገንዘቡ ብዛት ብቻ ብናወራ ይህ ያመልጠናል።

ኢንጂነርም ግን ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም፣ ይህን በሚቀጥለው ቀን ነግሬዋለሁ። ካሜራ የድሃውን ፊት ሲያሳይ እኔንም ያመኛል። አንድ ኪሎ ዘይት ለማቀበል አንዲትን እናት አስለቅሶ መቅረፅ ነውር ነው፤ ልጆቿ ያዩታል፣ ጎረቤት ያየዋል፣ ነገ ገበያ ስትወጣ ያ ቪዲዮ አብሯት ይወጣል። በዚያ ሥርጭት ልቤን የነካው ግን እኛ ባየነው ሰዓት የለማኙ ፊት እንጂ የተቸገረው ፊት አለመታየቱ ነው። እሸቱ፣ ወንድማችን፣ ይህ ጽሑፍ በአጋጣሚ እጅህ ከገባ፣ ጣና ዳር አምስት ሰዎች ስላንተ ሲያወሩ እንዳመሹና ቀና ብለው እንደመረቁህ እወቅልን። ዕድሜና ጤና ይስጥህ።

ወደ ጉዳዬ ልመለስ።

በማግስቱ ስንገናኝ ወሬው ካቆመበት ቀጠለ። ያን ጊዜ ነው ባለባጃጁ ጓደኛችን የተናገረው። እሱ ብዙ አያወራም፤ ሲያዳምጥ ያመሻል፣ ሒሳብ ለመክፈል ግን የሚቀድመው የለም። የደቅ ደሴት ልጅ ነው። ስድስት ዓመት ስንተዋወቅ ይህን ነገር ነግሮን አያውቅም።

«አባቴን በጀልባ ይዤ መጣሁ» አለ። «ሆስፒታል ተኛ። እኔ የማድርበት አልነበረኝም፣ ዘመድም የለኝም። አሥራ አንድ ሌሊት ከአጥሩ ሥር አደርኩ። አንድ ጋቢ ነበረችኝ፣ ለአባቴ ደርቤለት እኔ ማዳበሪያ ላይ ነው የምተኛው። ብርዱን ቻልኩት። ረሃቡንም በሶ ነበረኝ፣ ቻልኩት። ያልቻልኩት ሽንት ቤት ፍለጋ ነው። ሻይ ቤት እገባለሁ፣ ሻይ አልገዛህም ይሉኛል። ሌላው ጋ እሄዳለሁ፣ ከላይ እስከ ታች ያዩኛል። እኔ አገሬ ላይ እርሻ ያለኝ ሰው ነኝ፣ እንግዳ ተቀባይ ነኝ። እዚህ መጥቼ ለሽንት የሰው ፊት አየሁ።»

ማንም አልተነፈሰም። የጀበናው ክዳን ብቻ ነው የሚንጫጫው።

«አንድ ሌሊት፣ አሥር ሰዓት ገደማ ይሆናል» ብሎ ቀጠለ፣ «አንዲት ነጠላ የተከናነበች ሴትዮ ፔርሙዝ ይዛ መጣች። ቤተ ክርስቲያን ልትሳለም የወጣች ነው የምትመስለው። ትኩስ ሻይ ቀዳችልኝ። ጠጣ ልጄ አለችኝ። ከየት መጣህ አላለችኝም፣ ማን ታሞብህ ነው አላለችኝም። አጠገቤ ላለውም ቀዳችለት። ኩባያውን ተቀብላ ሄደች። ስሟን አልጠየቅኋት፣ ደንግጬ ነበር። እስካሁን ነጠላ ያደረገች ሴትዮ ባጃጄ ውስጥ ስትገባ በመስተዋቱ ፊቷን አያለሁ።»

አባቱ ድነው ወደ ደቅ ተመለሱ። ከሁለት ዓመት በኋላ በሰላም ዐረፉ፣ እዚያው ተቀበሩ።

እትዬ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና «ሻዩን እኔ አፈላለሁ፣ ስኳሩን እናንተ አምጡ» አለች። በቃ። ከዚያ በላይ ስብሰባ አላደረግንም።

በዚያው ምሽት በሁለት ፔርሙዝ ሻይና በፌስታል ሙሉ ዳቦ በባለባጃጁ ባጃጅ ተጭነን ሄድን። የሆስፒታሉን ስም አልጠራም፤ ክስ ይዤ አልመጣሁም። አልጋው ለታመመው ነው፣ ሐኪሞቹም ሌሊቱን ቆመው ያድራሉ። እኔ የምነግራችሁ ከአጥሩ ውጭ ያየሁትን ነው።

አጥሩን ተከትለው ተኝተዋል። ማዳበሪያ ያነጠፈ አለ፣ ካርቶን ያነጠፈ አለ፣ ቁጭ ብሎ ያንቀላፋ አለ። አጥሩ ላይ እንጀራ ተሰጥቷል፣ ድርቆሽ እንዲሆን ነው፤ ከቤት የመጣው እንዳይሻግት። ከጎንደር በኩል የመጣ አለ፣ ከአዊ የመጣ አለ፣ ከምሥራቅ ጎጃም የመጣ አለ። ሪፈር ተጽፎላቸው የመጡ ናቸው። አንድ አባባ አየሁ፣ የመድኃኒት ወረቀት በሁለት እጃቸው ይዘዋል። ወረቀቱ ከመታጠፍ ብዛት በመሐሉ ሊቀደድ ደርሷል። ማንበብ አይችሉም፣ ግን ይዘውታል፤ መብራቱ ስር ያገላብጡታል፣ መልሰው ያጥፉታል፣ ኪሳቸው ይከቱታል፣ ትንሽ ቆይተው ያወጡታል። ሻይ ስንሰጣቸው ወረቀቱን በአንድ እጃቸው ይዘው በሌላው ተቀበሉ። «አያ፣ ያስቀምጡት እንጂ፣ አይጠፋም» አላቸው ባለባጃጁ። «ልጄ፣ ሚስቴ ያለችው እዚህ ላይ ነው» አሉት።

ሁለቱ ፔርሙዝ ሩብ ሰዓት አልቆዩም። ዳቦውም አለቀ። ያልደረሳቸው ሰዎች ቀና ብለው አይተውን «እግዜር ይስጥልን» አሉን። ሳይቀምሱ መረቁን።

ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ ዝም ብለን ነበር። ኢንጂነር ብቻ ነው የተናገረው። «አንድ ጣሪያ ቢኖርኮ» አለ። «ግድግዳ እንኳ አያስፈልግም፤ ቆርቆሮ፣ ስምንት ምሰሶ፣ ሲሚንቶ ወለል። አንድ ቧንቧ። ሁለት ለሴት ሁለት ለወንድ መጸዳጃ። ጥግ ላይ ምድጃ። እኔ ሥራውን በነፃ አሠራዋለሁ።» የዚያን ዕለት ካሜራ ፊት መስጠት ምጽዋት ነው ወይ ብሎ የጠየቀው ሰው ነው ይህን ያለው።

ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት ለዚህ ነው።

ለመሥሪያ ቤቶቻችን ላስቀድም። የተከበራችሁ፣ የምንለምነው ሕንፃ አይደለም። ኢንጂነር የተናገረውን ያንን ጣሪያ ነው፣ ታማሚ በሚበዛበት አካባቢ፣ ከመንገድ ፈንጠር ብሎ፣ አስታማሚ ሌሊቱን አንገቱን የሚያስገባበት። ከተማችን ትንሽ አይደለችም። በ2016 ዓ.ም. 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ሲመረቅ እኛም ደስ ብሎን በእግራችን ተሻግረንበታል። ይህን የሚያህል ነገር ባየች ከተማ ቆርቆሮና ስምንት ምሰሶ ይከብዳል ብዬ አላምንም። ቦታውን አሳዩን። ፈቃዱን ስጡን። ብረቱንና ሲሚንቶውን ለምነን እናመጣለን፤ የሰው ፊት ማየቱ የኛ ይሁን። ቦታውም አይገኝም ከተባለ፣ በቅርብ ያለ የሕዝብ መጸዳጃ ሌሊት እንዲከፈትና ማታ አንድ ሰው እንዲጠብቀው ይደረግ። የጥበቃውን ደመወዝ የሚያዋጣ አይጠፋም፣ እኛ አምስታችን ስማችንን ቀድመን እናስመዘግባለን።

አሁን ለእናንተ፣ ለከተማዬ ሰዎች።

አንዳንዱ ሰው «እኛ ምን አቅም አለን፣ እሱኮ ታዋቂ ነው» ይለኛል። ባንክ የምትሠራዋ ጓደኛችንም ይህን ሰምታ እጅግ የምታከብራቸውን ወይዘሮ አበበች ጎበናን አነሣችብን። በ2013 ዓ.ም. ያረፉት፣ ስንቱን ወላጅ አልባ ያሳደጉት እናት። ወሎ በድርቅ በተመታ ጊዜ ግሸን ማርያም ሊሳለሙ ሄደው፣ በመንገድ የወደቀውን ሰው አይተው፣ ሁለት ሕፃናት ይዘው ነው ወደ ቤታቸው የተመለሱት። ካሜራ አልነበራቸውም፣ ድርጅት አልነበራቸውም። ሁለት ሕፃን ነበር የያዙት። «እኛ ደግሞ ሁለት ፔርሙዝ ይዘናል» አለች።

ከተማችን ውስጥ እንደኛ የሚያመሽ ስንት ጓደኛሞች አለ? ጣና ዳር ብቻ ብንቆጥር የበርጩማው ብዛት ይታወቃል። ግሽ ዓባይ የሚያመሹ አሉ፣ ፋሲሎ የሚያመሹ አሉ፣ ኳስ አብረው የሚያዩ አሉ፣ ፔዳና ፖሊ ግቢ አካባቢ ሻይ ቤት የሚቀመጡ ተማሪዎች አሉ። ዕቁብ አለን፣ ጽዋ ማኅበር አለን፣ ሰንበቴ አለን። ሙስሊም ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ረመዳን ላይ ለመንገደኛ ማፍጠሪያ ሲያቀርቡ አይተናል፤ ጎረቤቶቼ ናቸው፣ ለኔም ደርሶኛል። እናንተ ከኛ በፊት የጀመራችሁት ነገር ነው፣ ሌሊቱንም ብትጨምሩልን ብዬ ነው።

የምለምናችሁ አንድ ምሽት ነው። አንድ የጓደኛ ስብስብ በሳምንት አንድ ምሽት ይያዝ። ስታወሩ አምሹ፣ ሳቁ፣ ተከራከሩ፣ ወሬውን ማንም አይከለክላችሁም፤ ስትነሡ ግን በአጥሩ በኩል እለፉ። ገንዘብ ከሌላችሁ ማንበብ ትችላላችሁ። እመኑኝ፣ እዚያ አጥር ሥር ከሻይ በላይ የሚፈለገው ወረቀት የሚያነብ ሰው ነው። «ይሄ መድኃኒት የት ነው የሚገኘው? ይሄ ክፍል በየት በኩል ነው? ነገ ስንት ሰዓት ነው ያሉኝ?» ይህን የሚመልስ ሰው። ተማሪዎች፣ ይህ የእናንተ ነው፣ ከናንተ የተሻለ የሚሠራው የለም። ባጃጅ ያላችሁ ደግሞ፣ ማታ ወደ ቤት ስትመለሱ፣ ከመናኸሪያ በሽተኛ ደግፎ የቆመ ሰው ካያችሁ ሒሳቡን ተዉለት።

አንድ ነገር ግን አደራ። ስልካችሁን ኪሳችሁ አድርጉ። እነዚያን ሰዎች አትቅረፁ። ገበሬ ናቸው፣ ባለትዳር ናቸው፣ በአገራቸው የተከበሩ ሰዎች ናቸው፤ ማዳበሪያ ላይ ተኝተው በከተማው ሁሉ እንዲታዩ አይፈልጉም። መለመን ካለባችሁ የራሳችሁን ፊት አሳዩ፣ የራሳችሁን ድምፅ አሰሙ። መሪጌታ እንዳለው መንደሩ እስኪሰማ ጩኹ። እኔም አሁን እያደረግሁት ያለሁት እሱን ነው፤ ስጽፍ እጄ እያመነታ፣ የኔታ ለመሪጌታ ያሉትን ለራሴ እየነገርኩ።

ከዚያ ወዲህ አራት ጊዜ ሄደናል። አባባን ሁለተኛ ጊዜ አላገኘናቸውም። አጠገባቸው የነበረችው ሴት ሚስታቸው ድነው በአውቶቡስ እንደሄዱ ነገረችን። ባለባጃጁ «ወረቀቱንስ ይዘውት ሄዱ?» ብሎ ጠየቃት። «በልጃቸው ስም ሲምሉ ነበር፣ ቤታቸው ግድግዳ ላይ እንደሚሰቅሉት» አለችው።

የኛ ተራ ማክሰኞ ማታ ነው። ሌሎቹ ቀኖች ክፍት ናቸው። ቡናው ጋ ብቅ ስትሉ ለእትዬ ቀኑን ንገሯት፣ እሷ በደብተር ትመዘግባለች። ፔርሙዝ ያላችሁም ይዛችሁ ኑ፤ የሷ ሁለቱ አልበቁም፣ አንደኛው ደግሞ ክዳኑ ይፈሳል።

ከአክብሮት ጋር፣
ጣና ዳር ከሚያመሹት አምስቱ አንዱ፣ ባሕር ዳር